ደጋና ቆላ በአንድ ፓነል፦ በአንኮበር ተዳፋት የሲሊከን የኃይል ባንዶችና የኤሌክትሪክ ፍሰት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ መጀመሪያ ገብስ የሚበቅልበትን ነፋሻማ ደጋ ያቋርጣል። ከዚያም ሜዳው በድንገት ይቆረጥና የስምጥ ሸለቆው ገደላማ ተዳፋት ከፊቱ ይዘረጋል። ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ገመገም ዝቅ ብላ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ትገኛለች፤ ከእርሷ በታች የጥንቱ የነጋዴዎች ገበያ አልዩ አምባ አለች፤ ከዚያም በታች የአዋሽ ተፋሰስ ቆላ ይንጣለላል። በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ውስጥ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የአካባቢው ገበሬ ይህን ልዩነት ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ ከፍሎ፣ ገብሱንም ማሽላውንም በየቦታው ሲዘራ ኖሯል።

በዚህ ተዳፋት ላይ ዛሬ ከገብስና ከማሽላ ሌላ በየከፍታው የሚገኝ ነገር አለ፤ እርሱም የሶላር ፓነል ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን የፀሐይ ኤሌክትሪክ እንግዳ አይደለም፤ በዚሁ ዞን የምትገኘው ሬማ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የቤት ሶላር በስፋት ከተተከለባቸው የአገሪቱ ገጠራማ መንደሮች አንዷ በመሆን ትታወቃለች። ሆኖም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ተመሳሳይ ፓነሎች አንዱ በገመገሙ፣ ሌላው በቆላው ቢተከሉና እኩል ብርሃን ቢያርፍባቸው እኩል ኤሌክትሪክ አይሰጡም። ብዙዎች ፀሐይዋ የምታቃጥልበት ቆላ የተሻለ ያመነጫል ብለው ይገምታሉ። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀዝቃዛው ፓነል ይበልጣል።

ነገሩን እንቆቅልሽ የሚያደርገው በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ከፊል አስተላላፊ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ብቃቱ ይጨምራል» ይባላል። ሙቀት የማስተላለፍ ብቃትን የሚጨምር ከሆነ ከከፊል አስተላላፊ የተሠራው ፓነል ሲሞቅ ስለ ምን ይዳከማል? ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የሚፈልገው በኤሌክትሮኖች የኃይል ባንድ ውስጥ ነው። መልሱም ለንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በደጋና በቆላ ለሚተከል ለእያንዳንዱ ሥርዓት ንድፍ የሚያስፈልግ መሆኑን ያሳያል።

ባንድ እንዴት ይፈጠራል

በአንድ ብቸኛ አቶም ውስጥ ኤሌክትሮን የፈለገውን ያህል ኃይል ሊይዝ አይችልም፤ የተወሰኑና የተነጣጠሉ ደረጃዎች ብቻ ተፈቅደውለታል። ሁለት አቶሞች ሲቀራረቡ እያንዳንዱ ደረጃ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ከቀድሞው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ሌላው ጥቂት ከፍ ይላል። ምክንያቱም ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት የኳንተም ሁኔታ እንዳይጋሩ የፓውሊ ሕግ ይከለክላል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲሊከን ውስጥ ግን የሚቀራረቡት አቶሞች ሁለት አይደሉም፤ ከ5 በኋላ 22 ዜሮ ተጽፎ የሚነበበውን ቁጥር ያህል ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረጃ ይህን በሚያህል ቁጥር ይከፋፈልና ደረጃዎቹ እጅግ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ እንደ አንድ ያልተቋረጠ ሰቅ ይሆናሉ። ይህ ሰቅ የኃይል ባንድ ይባላል።

ፌሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1928 ኤሌክትሮን በሥርዓት በተደረደሩ አቶሞች መካከል እንደ ሞገድ ሳይደናቀፍ ሊያልፍ እንደሚችል አሳየ። ይህ ግን አዲስ ጥያቄ አስነሣ፦ ኤሌክትሮኖች በማንኛውም ክሪስታል ውስጥ እንዲህ የሚያልፉ ከሆነ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር እንዴት ሊኖር ይችላል? መልሱን አለን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1931 ሰጠ። ወሳኙ የኤሌክትሮኖች መኖር ሳይሆን የባንዶቹ አሞላል ነው። እስከ ጫፉ የሞላ ባንድ ፍሰት ሊሰጥ አይችልም፤ ወደ ቀኝ ለሚሄድ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ወደ ግራ የሚሄድ አቻ አለው፤ የሚዛወሩበት ባዶ ቦታም የለም። በከፊል የሞላ ባንድ ሲኖር ግን ጥቂት ቮልቴጅ እንኳ ሚዛኑን አዛብቶ ፍሰት ያስነሣል።

የነገሮች መለያየት የሚመነጨው ከዚህ ነው። እንደ መዳብ ባሉ ብረቶች የላይኛው ባንድ በከፊል ብቻ የሞላ በመሆኑ በእያንዳንዱ አቶም አንድ ያህል ኤሌክትሮን ለፍሰት ዝግጁ ነው። በሌሎች ጠጣር ነገሮች ግን የመጨረሻው የሞላ ባንድ፣ ማለትም ቫለንስ ባንድ፣ ከላዩ ካለው ባዶ ኮንዳክሽን ባንድ ምንም ደረጃ በሌለበት የኃይል ክፍተት ይለያል። የዚህ ክፍተት ስፋት የነገሩን ጠባይ ይወስናል።

የአለቱ ሲሊከንና የፓነሉ ሲሊከን

ለክፍተቱ ትርጉም ከአንኮበር ገደል የተሻለ ምስክር አይገኝም። ተዳፋቱ በአብዛኛው ከባዛልትና ከኢግኒምብራይት የተሠራ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ባዛልት ከክብደቱ ግማሽ የሚያህለው ሲሊካ፣ ማለትም የሲሊከንና የኦክስጅን ውሁድ ነው። እንግዲህ በገደሉ ውስጥም ሆነ በጣሪያው ላይ ባለው ፓነል ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አንድ ነው። ሆኖም ንጹሕ ሲሊካ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፉ ነገሮች ዋነኛው ሲሆን ሲሊከን ግን የዘመናዊው ኤሌክትሮኒክስ መሠረት ሆኗል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው የአቶሞቹ ትስስር ነው። በሲሊካ ውስጥ የኃይል ክፍተቱ ወደ 9 ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል። በንጹሕ የሲሊከን ክሪስታል ውስጥ ግን 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። ለንጽጽር ያህል አልማዝ 5.5፣ ጀርማኒየም ደግሞ 0.66 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት አላቸው። በተለመደው የክፍል ሙቀት የአቶሞች ንዝረት የሚሰጠው አማካይ የኃይል መጠን 0.026 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ይህ መጠን በ9 ፊት ኢምንት ነው፤ በ1.12 ፊትም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ፈጽሞ ዋጋ ቢስ አይደለም። ከፊል አስተላላፊ የሚባለው ነገር የሚኖረው በዚህ «ትንሽ፣ ነገር ግን ዋጋ ቢስ ያልሆነ» ወሰን ውስጥ ነው።

የሚታየው ብርሃንም በዚሁ ሚዛን ይለካል። የፎቶኑ ኃይል ከ1.12 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ከሆነ፣ ማለትም የሞገድ ርዝመቱ ከ1,100 ናኖ ሜትር ገደማ ካነሰ፣ ሲሊከን ይውጠዋል፤ አንድ ኤሌክትሮንም ከቫለንስ ወደ ኮንዳክሽን ባንድ ይነሣል። ሲሊካ ግን የሚታየውን ብርሃን የሚያነሣለት ኤሌክትሮን ስለሌለው ያሳልፈዋል፤ መስታወት ብርሃን አሳላፊ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ፓነሉ በመስታወት መሸፈኑና በሲሊከን መሥራቱ አንዱን ንጥረ ነገር በሁለት የተለያዩ ክፍተቶች መጠቀም ነው ማለት ይቻላል።

ሙቀትና የፍሰት ተሸካሚዎች

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሸዋን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ የብር ሰልፋይድ ሲሞቅ የማስተላለፍ ብቃቱ እንደሚጨምር አስተዋለ። በብረቶች ላይ የሚታየው ተቃራኒው ስለ ነበር ነገሩ እንግዳ ሆነ። ትርጓሜ ለማግኘትም 100 ዓመት ያህል ወሰደ።

በባንድ ንድፈ ሐሳብ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ኤሌክትሮን በሙቀት ንዝረት ክፍተቱን ሲዘል በኮንዳክሽን ባንድ ውስጥ ነጻ ተሸካሚ ይሆናል። በቫለንስ ባንድ ውስጥ የተወውም ባዶ ቦታ፣ ማለትም ቀዳዳ፣ ጎረቤት ኤሌክትሮኖች እየተፈራረቁ ሲገቡበት እንደ አዎንታዊ ቻርጅ ይንቀሳቀሳል። የእነዚህ ጥንዶች ብዛት በክፍተቱና በሙቀቱ ጥምርታ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ከሙቀት ጋር የሚያድገው በኤክስፖኔንሺያል ፍጥነት ነው። በ27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ሲሊከን ውስጥ ወደ 10 ቢሊዮን የሚጠጉ ጥንዶች ይገኛሉ። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም ከ5 ትሪሊዮን አቶሞች አንድ ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ ሙቀቱ በ8 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የጥንዶቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ከ5 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ሲደረስ ከ100 እጥፍ በላይ ይበልጣል።

በመዳብ ውስጥ የተሸካሚዎቹ ብዛት በሙቀት አይለወጥም። የሚለወጠው የአቶሞቹ ንዝረት ነው፤ ንዝረቱ ሲበረታ ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ቶሎ ይጋጫሉ፤ የመዳብ ሽቦ ተቃውሞም በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሲሊከን ውስጥም ግጭቱ ይበረታል፤ ነገር ግን በንጹሕ ሲሊከን የተሸካሚዎቹ መብዛት ከግጭቱ እጅግ ይልቃል። የመማሪያ መጽሐፉ ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው እንግዲህ ስለ ንጹሕ ሲሊከን ሲነገር ነው። ፓነል ግን ከንጹሕ ሲሊከን አይሠራም፤ እንቆቅልሹም መፈታት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ባዕድ አቶሞችና መጋጠሚያው

ለሲሊከን ጥቂት የፎስፈረስ አቶሞች ቢጨመሩለት እያንዳንዱ ፎስፈረስ ከአምስት የውጭ ኤሌክትሮኖቹ አራቱን ለትስስር ያውላል። አምስተኛው ከኮንዳክሽን ባንድ በታች በ0.045 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ርቆ ስለሚቀመጥ በተለመደው ሙቀት ነጻ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሲሊከን ኤን-ዓይነት ይባላል። ሦስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ያሉት ቦሮን ሲጨመር ደግሞ በተመሳሳይ ርቀት ከቫለንስ ባንድ በላይ ባዶ ደረጃ ይፈጠርና ቀዳዳዎች ይበዛሉ፤ ይህም ፒ-ዓይነት ነው። ከ5 ሚሊዮን የሲሊከን አቶሞች አንዱ ብቻ በፎስፈረስ ቢተካ በክፍል ሙቀት የተሸካሚዎቹ ብዛት በንጹሑ ሲሊከን ውስጥ ከነበሩት ኤሌክትሮኖች አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል።

ባዕድ አቶሞቹ በገመገሙም በቆላውም ሙቀት ኤሌክትሮናቸውን ወይም ቀዳዳቸውን ሙሉ በሙሉ የሰጡ ናቸው። በመሆኑም የዋናዎቹ ተሸካሚዎች ቁጥር ከአንኮበር እስከ አዋሽ አይለወጥም። በዚህ የሙቀት ክልል እንዲህ ያለው ሲሊከን ከብረት ጋር ይመሳሰላል፤ ሲሞቅ ግጭት ስለሚበዛ የማስተላለፍ ብቃቱ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል።

ሁለቱ ዓይነቶች ሲጋጠሙ በድንበሩ ላይ ኤሌክትሮኖች ወደ ፒ፣ ቀዳዳዎች ወደ ኤን ይሻገሩና ከኋላቸው የታሰሩ ቻርጆችን ይተዋሉ። እነዚህ ቻርጆች ተጨማሪ መሻገርን የሚከለክል የኤሌክትሪክ መስክ ይሠራሉ፤ ባንዶቹም በድንበሩ ላይ እንደ ተዳፋት ይታጠፋሉ። ብርሃን ጥንድ ሲፈጥር መስኩ ኤሌክትሮኑን ወደ ኤን፣ ቀዳዳውን ወደ ፒ ይለያያል። የሶላር ሴል ሥራ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጠቃሚ የሲሊከን ሴል እ.ኤ.አ. በ1954 በቤል ላቦራቶሪ በቻፒን፣ በፉለርና በፒርሰን ሲሠራ ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር።

እንቆቅልሹ ሲፈታ

አሁን ወደ ጥያቄው መመለስ ይቻላል። ሴሉ የሚኖረው በመለያየት እንጂ በማስተላለፍ ብቻ አይደለም። ብርሃን የለያያቸው ኤሌክትሮንና ቀዳዳ ቮልቴጅ የሚሰጡት ተለያይተው እስከ ቆዩ ድረስ ነው። ተመልሰው ከተገናኙ፣ ማለትም ዳግም ከተዋሐዱ፣ የያዙት ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የዳግም ውህደቱ ጥንካሬ የሚለካው ሴሉ በጨለማ በሚያሳየው የፍሳሽ ፍሰት ሲሆን የዚህ ፍሳሽ መጠን በሙቀት ከሚፈጠሩት ጥንዶች ብዛት ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል።

ብዛቱ በየ8 ዲግሪው እጥፍ የሚሆን ከሆነ ካሬው በየ4 ዲግሪው ገደማ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሴሉ ከ25 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ፍሳሹ ከ300 እጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፉ ዓረፍተ ነገርና የቆላው ፓነል ድካም አይቃረኑም፤ ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። በንጹሕ ሲሊከን የማስተላለፍን ብቃት የሚያሳድጉት የሙቀት ጥንዶች በሴል ውስጥ የፍሳሹ ምንጭ ይሆናሉ። አንዱ ቦታ ሀብት የሆነው ሌላው ቦታ ዕዳ ነው።

ፍሳሹ በቮልቴጁ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድ መስመር ማስላት ይቻላል። የአንድ ተራ ሲሊከን ሴል የክፍት መስመር ቮልቴጅ በ25 ዲግሪ፣ ማለትም በ298 ኬልቪን፣ 0.6 ቮልት ያህል ነው። ሙቀቱ ወደ ፍጹም ዜሮ እየወረደ ቢሄድ ፍሳሹ ይጠፋና ቮልቴጁ የኃይል ክፍተቱ ወደሚፈቅደው ጣሪያ፣ ማለትም ወደ 1.2 ቮልት ያቀናል። ስለዚህ የቮልቴጁ መውረድ በግምት ከ1.2 ላይ 0.6 ተቀንሶ ለ298 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይህም በየዲግሪው 2 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ስሌቱ ሲጠራ 2.2 ሚሊ ቮልት አካባቢ ይደርሳል፤ በመለኪያ የሚገኘውም ይህንኑ ያህል ነው።

አንድ ነጥብ መለየት ያስፈልጋል። ሙቀት የኃይል ክፍተቱንም ያጠባል፤ ከ0 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ክፍተቱ ከ1.13 ወደ 1.11 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ሴሉ ትንሽ ተጨማሪ ብርሃን ይውጥና ፍሰቱ በየዲግሪው 0.05 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጭማሪው ግን ከቮልቴጁ መውረድ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። የድካሙ ዋና ምንጭ የክፍተቱ መጥበብ ሳይሆን ባለበት ክፍተት ላይ የሚዘሉት ጥንዶች መብዛት ነው።

በተዳፋቱ ላይ ያለው ስሌት

የፓነል መግለጫ ወረቀት የሚጻፈው ለ25 ዲግሪ የሴል ሙቀት ነው። በጠራ ቀትር ግን ሴሉ ከአየሩ በ30 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የአየሩ ሙቀት ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ በደረቅ ቀትር ቅነሳው ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ከገመገሙ እስከ ቆላው ባለው የ2,000 ሜትር ልዩነት ከ13 እስከ 20 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። ለምሳሌ በገመገሙ አየሩ 15፣ በቆላው 35 ዲግሪ ነው እንበል፤ ሴሎቹ 45 እና 65 ዲግሪ ይሆናሉ።

በመግለጫው 100 ዋት የሚል፣ በየዲግሪው 0.4 በመቶ የሚያጣ ፓነል በእኩል ብርሃን በገመገሙ 92 ዋት፣ በቆላው 84 ዋት ይሰጣል። ይህ ኪሳራ ሊታገሡት የሚቻል ነው። የሚበልጠው ችግር ያለው በቮልቴጁ ላይ ነው።

ለ12 ቮልት ባትሪ የሚሸጠው የተለመደ ፓነል 36 ሴሎች አሉት፤ የሥራ ቮልቴጁም በ25 ዲግሪ 18 ቮልት ያህል ነው። በየዲግሪው 0.08 ቮልት ገደማ ስለሚያጣ በገመገሙ 16.4፣ በቆላው 14.8 ቮልት ይሆናል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ በወጉ እንዲሞላ 14.4 ቮልት ያህል ይፈልጋል። በሙቅ አየር የሚፈልገው በጥቂቱ ቢቀንስም፣ ቀጭን ሽቦ ግማሽ ቮልት ካባከነ በቆላው የሚቀረው ትርፍ እጅግ ጠባብ ነው። ፓነሉ ነፋስ እንዳያገኝ ሆኖ ከቆርቆሮ ክዳን ጋር ቢለጠፍና ሴሉ 75 ዲግሪ ቢደርስ የሥራ ቮልቴጁ 14 ይሆናል፤ ሽቦው ግማሽ ቮልት ወስዶ 13.5 ብቻ ለባትሪው ይደርሳል። ባትሪው በየቀኑ ሳይሞላ ያድራል፤ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክራል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ባለቤቱ ፀሐይ ሳትጎድልበት ብርሃን ይጎድልበታል፤ ጥፋቱንም በባትሪው ላይ ያሳብባል።

በገመገሙ ላይ ደግሞ አደጋው በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። ባለ 60 ሴል ፓነል በ25 ዲግሪ የክፍት መስመር ቮልቴጁ 37 ቮልት ነው እንበል። አራቱ በተከታታይ ሲያያዙ 148 ቮልት ይሆናሉ። እስከ 150 ቮልት የሚችል የቻርጅ መቆጣጠሪያ ለዚህ የሚበቃ ይመስላል። በወረቀት ላይ ስሌቱ ትክክል ነው፤ በቆላውም ችግር ላይታይ ይችላል። ነገር ግን በአንኮበር ከፍታ በቀዝቃዛ ጠዋት ጉሙ በድንገት ሲገለጥና ፓነሉ ገና በ5 ዲግሪ ሳለ ሙሉ ፀሐይ ሲያርፍበት 240ዎቹ ሴሎች በድምሩ 10.6 ቮልት ይጨምራሉ። መቆጣጠሪያው 158 ቮልት በላይ ይደርስበታል። ፓነሉ እስኪሞቅ ድረስ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች መሣሪያውን ለማቃጠል ይበቃሉ።

እንግዲህ አንድ ንድፍ ለሁለቱም ቦታ አይሆንም። ቆላው ባትሪውን ያስርባል፤ ገመገሙ መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ እርሱም በ1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት ላይ የሚዘሉት ጥንዶች መብዛትና ማነስ ነው።

ከባንድ ወደ ምርጫ

ከላይ የቀረበው ስሌት መፍትሔውንም ያመለክታል። የቮልቴጅ ኪሳራው ከ1.2 ላይ የሴሉ ቮልቴጅ ሲቀነስ ከሚቀረው ጋር የተያያዘ ከሆነ የተሻለ ቮልቴጅ ያለው ሴል በሙቀት የሚያጣው ያነሰ ነው። ዳግም ውህደትን በሚገባ የሚከላከሉ፣ በአንድ ሴል ከ0.7 ቮልት በላይ የሚሰጡ ዘመናዊ የሲሊከን ሴሎች በየዲግሪው የሚያጡት አቅም 0.3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ክፍተቱ ሰፋ ያለው፣ 1.45 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የሆነው ካድሚየም ቴሉራይድም በሙቀት የሚደርስበት ኪሳራ ከተራው ሲሊከን ያነሰ ነው። በቆላ ለሚተከል ሥርዓት በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ከዋቱ ቀጥሎ መነበብ ያለበት ይህ የሙቀት መጠን ነው። ከክዳኑ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ነፋስ እንዲያልፍበት መትከልና ወፍራም ሽቦ መጠቀም ደግሞ ብዙ ወጪ ሳያስከትሉ ቮልቴጁን ያድናሉ። በደጋ ለሚተከል ሥርዓት ግን በተከታታይ የሚያያዙት ፓነሎች ብዛት የሚሰላው በ25 ዲግሪ ሳይሆን በቦታው በሚጠበቀው ዝቅተኛ የጠዋት ሙቀት መሆን አለበት። በላይኛው ምሳሌ ከአራት ፓነሎች ይልቅ ሦስት ማያያዝ አደጋውን ያስወግደዋል።

ይህ ማለት ግን የገመገሙ ፓነል ሁልጊዜ ብዙ ያመርታል ማለት አይደለም። ስስ አየርና ቅዝቃዜ ቢጠቅሙትም የአንኮበር ጉም ብርሃኑን በከለከለ ጊዜ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል፤ የቆላው ሰማይ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ሊጠራ ይችላል። በዓመት የሚገኘው ምርት የሚታወቀው ብርሃንና ሙቀት አብረው ሲለኩ ነው። የባንድ ንድፈ ሐሳብ የሚናገረው ለእኩል ብርሃን ብቻ ነው።

ለተመራማሪ ግን ተዳፋቱ ሌላ ዋጋ አለው። አንድን ሴል ይዞ ከገመገሙ ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድ ተማሪ በየከፍታው የብርሃኑን መጠን፣ የሴሉን ሙቀትና የክፍት መስመር ቮልቴጁን ቢለካ፣ ቮልቴጁንም ለእኩል ብርሃን አስተካክሎ ከሙቀቱ ጋር በግራፍ ቢያስቀምጥ ወደ ታች የሚያዘነብል ቀጥ ያለ መስመር ያገኛል። መስመሩን ወደ ፍጹም ዜሮ ሲያራዝመው ከ1.2 እስከ 1.3 ቮልት ባለው ቦታ አካባቢ ያርፍለታል። ዋጋው ውድ የሆነ የላቦራቶሪ መሣሪያ ሳይኖረው፣ በቮልት መለኪያ፣ በብርሃን መለኪያና በቴርሞ ሜትር ብቻ የሲሊከንን የኃይል ክፍተት በግምት ለካ ማለት ነው።

ገበሬው ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ የከፈለው ምድር ለዘር ብቻ የተከፈለ አይደለም። በአቶሞች መካከል ያለው ክፍተትም ይህንኑ ክፍፍል ያውቀዋል። የደጋን ዘር በቆላ የማይዘራ ሰው የደጋን ንድፍም በቆላ መትከል የለበትም።